በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጥ የቤት ውስጥ እንክብካቤና የስቴት የጥራት ሪፖርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን) በሚከፍላቸው የቤት ውስጥ እንክብካቤ ፕሮግራሞች ለሚሠሩ ተንከባካቢዎች፣ ኤጀንሲ ላላቸውና ለተገልጋይ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው፤ ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስቴቱ የጥራት ሪፖርት የሚያቀርበው ለማን ነው? እኔንስ ምን ይመለከተኛል?

ሜዲኬድን የሚከፍሉት የፌደራሉ መንግሥትና ስቴቱ ተጋርተው ነው። በ1981 የወጣ ሕግ፣ ነርሲንግ ሆም መግባት የሚገባቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው እንዲረዱ ስቴቶች ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁበትን መንገድ ከፈተ። ፈቃዱ ዌይቨር ይባላል፤ በአንቀጽ ቁጥሩ 1915(ሲ) እየተባለም ይጠራል። ስቴቱ ፈቃዱን ሲወስድ የተገልጋዮቹን ጤናና ደኅንነት እንደሚጠብቅ ቃል ይገባል፤ ቃሉን መጠበቁንም ሜዲኬርን (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የፌደራል የጤና መድን) እና ሜዲኬድን ለሚያስተዳድረው የፌደራል መሥሪያ ቤት ለሲኤምኤስ በቁጥር ማሳየት አለበት።

እርስዎን የሚመለከተዎት ቁጥሩ ከእርስዎ እጅ ስለሚወጣ ነው። ስቴቱ መረጃውን የሚሰበስበው ከተንከባካቢው ክሎክ (ሥራ የገባበትና የወጣበት ሰዓት መዝገብ)፣ ከነርሷ የጉብኝት ማስታወሻ፣ የተገልጋዩን ዕቅድ ከሚከታተለው ከኬዝ ማናጀሩ ፋይል፣ ከኢንሲደንት (የጉዳት ወይም የበደል) ሪፖርትና ኤጀንሲው ለክፍያ ከሚልከው ቢል ነው። ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የከፋው ግን ያልተጻፈ ጉዳት ነው፤ በመዝገብ ላይ እንዳልደረሰ ሆኖ ስለሚያልፍ ለተጎዳው ሰው የሚደርስለት አይኖርም።

የሜዲኬር ሆም ኸልዝ ሪፖርትም ያው ነው?

አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ኤጀንሲዎችን ያሳስታል። የሜዲኬር ሆም ኸልዝ የሕክምና ሥራ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ነርስ ወይም ቴራፒስት ለተወሰነ ጊዜ ይመጣል። እዚያ ሪፖርቱ ኦአሲስ በሚባለው መጠይቅ ይሞላል፤ ሕክምናው ሲጀመር፣ በየ60 ቀኑ ሲታደስ፣ ተገልጋዩ ሆስፒታል ሲገባና ሲሰናበት። ኤጀንሲው ራሱ በቀጥታ ለሲኤምኤስ ይልካል። ካልላከ ዓመታዊ የክፍያ ማስተካከያው በ2 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ይቀነስበታል። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ኦአሲስ የሚሞላው የሚከፍለው ማንም ቢሆን ነው።

እዚህ የምናወራው ስለ ረጅም ጊዜ እርዳታ ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ፣ ቤት ማጽዳት፣ ሐኪም ቤት መውሰድ። የሚከፍለው ሜዲኬድ ነው፤ ለሲኤምኤስ ሪፖርት የሚያቀርበውም ስቴቱ ነው፤ ኤጀንሲው የሚያቀርበው ለስቴቱ ወይም አገልግሎቱን እንዲያስተዳድርለት ስቴቱ ለቀጠረው ድርጅት (ማኔጅድ ኬር) ነው።

ስቴቱ በሪፖርቱ ምን ምን ማሳየት አለበት?

የቆየው የዌይቨር ሥርዓት ስድስት ቃል ኪዳኖች አሉት፦ ተገልጋዩ በእርግጥ የነርሲንግ ሆም ደረጃ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መመዘኑ፣ የእንክብካቤ ዕቅዱ ከፍላጎቱ ጋር መግጠሙ፣ አገልግሎት ሰጪዎቹ ብቁ መሆናቸው፣ ጤናውና ደኅንነቱ መጠበቁ፣ ገንዘቡ ለተሰጠ አገልግሎት ብቻ መከፈሉ፣ እና ስቴቱ ፕሮግራሙን ራሱ መቆጣጠሩ። በእያንዳንዳቸው ሥር የሚለኩ ነጥቦች አሉ። በ2014 በወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ነጥብ ከ86 በመቶ በታች ከወረደ ስቴቱ ምክንያቱን አጥንቶ የማሻሻያ ሥራ መጀመር አለበት። ከዚህ ሌላ 372 የሚባል ዓመታዊ ሪፖርት አለ፤ ስንት ሰው እንደተረዳና በአማካይ ስንት እንደወጣ ያሳያል፤ የቤት ውስጡ ወጪ ከተቋሙ ወጪ መብለጥ የለበትም።

ስቴቱ ሁሉንም ፋይል አያይም፤ ናሙና ይወስዳል። የተለመደው በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ በ5 በመቶ የስህተት ልዩነት ነው። 1,500 ተገልጋይ ላለው ፕሮግራም ይህ 306 ፋይል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ትንሽ ኤጀንሲ የወጣ አንድ የተበላሸ ፋይል ብዙ ሰዎችን ወክሎ ነው የሚቆጠረው። «እኛ ትንሽ ነን፣ ማን ያየናል» የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በ2024 የወጣው ደንብ ምን ለወጠ?

ሲኤምኤስ በሜይ 10፣ 2024 ያወጣውና ከጁላይ 9፣ 2024 ጀምሮ የጸናው የሜዲኬድ አክሰስ ደንብ፣ በየስቴቱ ይለያይ የነበረውን አንድ ወጥ ለማድረግ የመጣ ነው። ለዋና ዋና መለኪያዎች ዝቅተኛውን ወሰን ከ86 ወደ 90 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ የተጠባባቂዎችን ወረፋ፣ የተፈቀደው ሰዓት ምን ያህሉ እንደተሰጠ፣ ከክፍያው ምን ያህሉ ለሠራተኛው እንደደረሰ ሪፖርት እንዲደረግ አዟል። ውጤቱንም ሕዝብ በሚያየው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ግዴታ ሆኗል።

ደንቡ ሲወጣ የተቀመጠው የጊዜ ሰሌዳ እንዲህ ነው። የቅሬታ ሥርዓት፦ ጁላይ 9፣ 2026። የኢንሲደንት አያያዝ፣ የዓመታዊ ምዘናና ዕቅድ መለኪያ፣ የወረፋና የሰዓት ሪፖርት፣ ድረ ገጹም፦ ጁላይ 9፣ 2027። የጥራት መለኪያዎች ስብስብና የክፍያ ድርሻ ሪፖርት፦ ጁላይ 9፣ 2028። ኢንሲደንቶችን በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መመዝገብ፦ ጁላይ 9፣ 2029። ከክፍያው ቢያንስ 80 በመቶው ለሠራተኞች ካሳ እንዲውል የሚያዘው ወሰን፦ ጁላይ 9፣ 2030። ሲኤምኤስ የራሱን ደንብ ማሻሻል ስለሚችል፣ ኤጀንሲ ያለው ሰው የስቴቱን የሜዲኬድ ማስታወቂያዎች በኢሜይል እንዲደርሱት መመዝገብ አለበት። ስቴቶች ከፌደራሉ ቀን ቀድመው የራሳቸውን ቀነ ገደብ ያወጣሉና የፌደራሉን ቀን ቆጥሮ መዘግየት ያስቀጣል።

ስልክ ላይ ክሎክ ኢን ማድረግ ከጥራት ጋር ምን አገናኘው?

ኢቪቪ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ የጉብኝት ማረጋገጫ በዲሴምበር 2016 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። ለግል እንክብካቤ ከ2020፣ ለሜዲኬድ ሆም ኸልዝ ከ2023 ጀምሮ ግዴታ ነው። ስድስት ነገር ይመዘግባል፦ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ተገልጋዩን፣ ተንከባካቢውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት። ሥርዓቱን ያልዘረጋ ስቴት ከፌደራሉ የሚያገኘው ድርሻ እስከ 1 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ይቀነስበታል።

ብዙዎች የሚያዩት እንደ ተቆጣጣሪ ዓይን ብቻ ነው። ነገር ግን ለአንዲት እናት በሳምንት 30 ሰዓት ተፈቅዶላቸው 21 ሰዓት ብቻ እየመጣላቸው ከሆነ፣ ያን የሚያሳየው ማስረጃ ይኸው ክሎክ ነው። 70 በመቶ ብቻ እንደተሰጣቸው ከዚያ ይወጣል። የፌደራሉ ሕግ ጂፒኤስ የግድ አይልም፤ በቤት ስልክ መደወል ወይም ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ የሚፈቅዱ ስቴቶች አሉ። ስማርት ፎን የሌለው ተንከባካቢ በዚህ ምክንያት ከሥራ መቅረት የለበትም፤ ኤጀንሲውን ሌላ መንገድ ይጠይቅ። ከተገልጋዩ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ተንከባካቢን ከኢቪቪ ነጻ የማድረግ ምርጫም ለስቴቱ ተትቷል፤ ነጻነቱ ግን በወረቀት ተጠይቆ የሚጸድቅ እንጂ በራሱ የሚመጣ አይደለም።

ክሎክ አውት ማድረግ ከረሳሁስ?

በዚያው ቀን ለኤጀንሲው ያሳውቁ። ኤጀንሲው በእጅ ያስተካክለዋል፤ የማስተካከያውን ምክንያት መምረጥና የተገልጋዩን ማረጋገጫ መያዝ አለበት። በእጅ የተስተካከለ ሰዓት ሕገወጥ አይደለም። ሲበዛ ግን ምልክት ይሆናል፤ ስቴቱ በእጅ የተስተካከሉትን ከጠቅላላው ጋር እያነጻጸረ ያያል።

ክፍያን በብዛት የሚያስመልሱት ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦ የተገልጋዩ ስልክ ቁጥር ተቀይሮ በሥርዓቱ ውስጥ አለመታደሱ፣ የአገልግሎቱ ኮድ ለተገልጋዩ ከተሰጠው የአገልግሎት ፈቃድ ጋር አለመግጠሙ፣ የፈቃዱ ጊዜ አልቆ ሥራው መቀጠሉ፣ አንድ ተንከባካቢ በሁለት ቤት በአንድ ሰዓት መመዝገቡ። የመጨረሻው የሚመጣው ከመጀመሪያው ቤት ሳይወጡ ሁለተኛው ጋ ክሎክ ኢን ሲደረግ ነው። የግል እንክብካቤ በብዙ ቦታ በ15 ደቂቃ እየተከፈለ ስለሚሰላ የአንድ ሩብ ሰዓት መደራረብ እንኳ ኮምፒዩተሩ ላይ ይታያል።

እንደ ከባድ ኢንሲደንት የሚቆጠረው ምንድን ነው?

የፌደራሉ ደንብ ለሁሉም ስቴት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዝርዝር አለ። በቃል፣ በአካል፣ በወሲብ፣ በስነ ልቦና ወይም በስሜት የሚደርስ በደል፤ ችላ ማለት፤ ብዝበዛ፣ ገንዘብ መውሰድን ጨምሮ፤ ሰውን ያለ ፈቃድ ማሰር፣ መቆለፍ ወይም ለብቻው ማግለል፤ የመድኃኒት ስህተት ሆኖ ወደ መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል የተደወለበት፣ ድንገተኛ ክፍል ወይም አስቸኳይ ክሊኒክ ያስኬደ፣ ሆስፒታል ያስተኛ ወይም ለሞት ያበቃ፤ እና ምክንያቱ ያልታወቀ ወይም ያልተጠበቀ ሞት።

በእኛ ማኅበረሰብ ሁለቱ በቀላሉ ያልፋሉ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ተገልጋይዋ «ልጄ፣ በካርዴ ገዝተሽ ነይ» ብለው ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ሲሰጡ፣ ተንከባካቢዋም ደረሰኝ ሳትይዝ ስትገዛ፣ በቅንነት የተጀመረው ነገር በኋላ ብዝበዛ ተብሎ ይመረመራል። ኤጀንሲው የግዢ መመዝገቢያ ቅጽ ሊኖረው ይገባል፤ ደረሰኙ ከቅጹ ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው መቆለፍ ነው። የመርሳት ችግር ያለባቸውን አባት «እንዳይወጡ» ብሎ በሩን ከውጭ ቆልፎ መሄድ፣ ለደኅንነታቸው ታስቦም ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ የተደረገ ገደብ ነው። ቤት እሳት ቢነሳ ምን እንደሚሆን ማሰብ ይበቃል። እንዲህ ያለ ችግር ካለ ኬዝ ማናጀሩ ተጠርቶ በዕቅዱ ውስጥ መፍትሔ ይፈለግለታል፤ የበር ማንቂያ ወይም ተጨማሪ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ተገልጋዩ ቢወድቅስ? መውደቅ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

በፌደራሉ ዝቅተኛ ዝርዝር ውስጥ ለብቻው አልተጠቀሰም። ዝርዝሩ ግን መነሻ ነው፤ ስቴቶች የራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ ጉዳት ያስከተለ ወይም ሆስፒታል ያስገባ መውደቅን በዝርዝራቸው ያካተቱ አሉ። በተጨማሪም ሰውየው የወደቁት በዕቅዱ ላይ «ሲነሱ አጠገባቸው ሰው ይቁም» እየተባለ ማንም ሳይቆም ከሆነ ጉዳዩ ችላ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወደ ፌደራሉ ዝርዝር ይገባል።

በተግባር፣ ተንከባካቢው የመውደቁን ክብደት ራሱ አይወስንም። ለሱፐርቫይዘሩ ወዲያው ይደውላል፤ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ኤጀንሲው ነው። ጭንቅላታቸውን የተመቱ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ከወደቁ፣ «ደህና ነኝ» ቢሉም መጀመሪያ 911፣ ቀጥሎ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ ወረቀት።

ኢንሲደንት ሪፖርት እንዴት ይጻፋል?

ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይጻፉ። ሲገቡ ሰውየው ወለል ላይ ከነበሩ «ወደቁ» አይባልም፤ «ከጠዋቱ 9፡10 ስገባ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ‹አዳለጠኝ› አሉኝ» ይባላል። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ይሁን፤ በእኛ አቆጣጠር «ሦስት ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ጠዋት፣ የሚመረምረው ሰው ዘንድ ከሌሊቱ 3 ወይም ከቀኑ 3 ይሆንበታል፤ ከክሎኩም ጋር አይገጥምም። ይህ በእውነት የሚያጋጥም፣ በኋላ ለማስረዳት የሚያስቸግር ስህተት ነው።

ከዚያ ምን እንዳደረጉ፣ ለማን በስንት ሰዓት እንደደወሉ፣ ምን እንደተባሉ ይጻፍ። አስተያየትና ግምት፣ ይቅርታም ቢሆን፣ ቦታቸው እዚህ አይደለም። ስቴቱ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ለከባዶቹ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ «ሰኞ እጽፈዋለሁ» አይሠራም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግር ከሆነ በስልክ ለሱፐርቫይዘሩ ተነግሮ እሱ ይጻፈው፤ ከመፈረምዎ በፊት ግን መልሶ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ።

በደል ወይም ብዝበዛ ከሆነ የኤጀንሲው ወረቀት ብቻውን አይበቃም። በአብዛኞቹ ስቴቶች ተንከባካቢው በሕግ የመጠቆም ግዴታ ስላለበት ለአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት ራሱ ይደውላል። ኤጀንሲው «እኛ እንነግራለን» ቢልም የእርስዎን ግዴታ አይሸፍንልዎትም።

ሪፖርት ባላደርግ ስቴቱ በምን ያውቃል?

በቢል ያውቃል። አዲሱ ደንብ ስቴቶች የክፍያ መረጃን፣ የሜዲኬድ ማጭበርበር መቆጣጠሪያ ክፍልን መረጃና የአዋቂዎችና የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችን መረጃ እያመሳከሩ ያልተነገሩ ኢንሲደንቶችን እንዲፈልጉ ያዛል። አንድ ተገልጋይ በማክሰኞ ድንገተኛ ክፍል በአጥንት ስብራት ታክመው ሆስፒታሉ ለሜዲኬድ ቢል ከላከ፣ ማክሰኞ እቤታቸው የነበረው ተንከባካቢ ማስታወሻ ደግሞ «ሁሉም ደህና» የሚል ከሆነ፣ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

ብዙ ኢንሲደንት የጻፈ ኤጀንሲ መጥፎ ኤጀንሲ አይደለም። ስቴቱ በ90 በመቶ የሚለካው ምርመራው በጊዜው መጀመሩን፣ በጊዜው ማለቁንና የእርምት እርምጃው በጊዜው መፈጸሙን ነው። በአንጻሩ 80 አረጋውያን እየረዳ ዓመቱን ሙሉ አንድም ኢንሲደንት ያልጻፈ ኤጀንሲ ራሱ መታየት አለበት፤ በዚያ ቤት የሚቀሩት ጉዳቶቹ ሳይሆኑ ወረቀቶቹ ናቸውና።

ኬዝ ማናጀር በየዓመቱ ለምን ይመጣል? እናቴ ለሁለት ወር ኢትዮጵያ ብትሄድስ?

ቢያንስ በየ12 ወሩ ፍላጎትዎ እንደገና መመዘን፣ ዕቅዱም በምዘናው መሠረት መከለስ አለበት። ስቴቱ ይህን ቢያንስ 365 ቀን ሳያቋርጡ በፕሮግራሙ ለቆዩ ሰዎች፣ ቢያንስ ለ90 በመቶዎቹ እንደፈጸመ ያሳያል። በ13ኛው ወር የተደረገ ምዘና፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ዘግይቷል ተብሎ ይቆጠራል። አብዛኛው መዘግየት የሚመጣው በትንንሽ ነገር ነው፤ ስልክ ተቀይሮ አልተነገረም፣ ደብዳቤው በድሮ አድራሻ ሄደ፣ ቀጠሮው አስተርጓሚ ሳይያዝለት ቀርቶ ተሰረዘ።

ጉዞውን በተመለከተ፣ ከመሄዳቸው በፊት ለኬዝ ማናጀሩ የመውጫና የመመለሻ ቀኑን ይንገሩ፤ ምዘናው በዚያ መሃል የሚወድቅ ከሆነ ቀደም ብሎ እንዲደረግ ይጠይቁ። ስቴቱ ለምን ያህል ጊዜ ከአገር ወጥቶ ቦታን ማቆየት እንደሚቻል የራሱ ገደብ አለው፤ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ያድርጉ። አዲስ አበባ ሳሉ የሚደረግላቸውን እንክብካቤ ሜዲኬድ አይከፍልም። እናት ቦሌ ላይ ሆነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታቸው ክሎክ ኢን ማድረግ፣ «ቤቱን እያጸዳሁላቸው ነው» ተብሎም፣ ሐሰተኛ ቢል ነው። ሆስፒታል ተኝተው ያሉበት ቀንም፣ ስቴቱ በግልጽ የፈቀደው ሁኔታ ከሌለ በቀር፣ እንዲሁ ነው።

ሰዓት ተፈቅዶልን ሰው የሚልክ ኤጀንሲ አጣን፤ ይህ የሆነ ቦታ ይመዘገባል?

ይመዘገባል፤ ከአዲሱ ደንብ ትልቁ ጥቅምም ይህ ነው። ስቴቱ ወረፋ ካለው ስንት ሰው እንዳለበትና በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቅ ያሳውቃል። ለቤት ውስጥ ሥራ እርዳታ፣ ለሆም ኸልዝ ኤይድ (የቤት ውስጥ ጤና ረዳት)፣ ለግል እንክብካቤና ለክህሎት ማዳበሪያ አገልግሎቶች ደግሞ ከጸደቀበት ቀን እስከ ተጀመረበት ቀን ያለውን አማካይ ጊዜ፣ እንዲሁም ባለፉት 12 ወራት ከተፈቀደው ሰዓት ስንት በመቶው እንደተሰጠ ያሳያል።

ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ያልተሰጠው ሰዓት መታወቅ አለበት። ኤጀንሲው ሰው ሲቀርበት «ተገልጋዩ አልፈለገም» ብሎ ከመዘገበው ጥፋቱ ወደ ተገልጋዩ ዞረ ማለት ነው። ቤተሰብ በቀን መቁጠሪያ ላይ ተንከባካቢ ያልመጣበትን ቀን፣ የቀረውን ሰዓትና የተሰጠውን ምክንያት እየጻፈ በወር አንዴ ለኬዝ ማናጀሩ በኢሜይል ይላክ። ኢሜይል ቀን ያለው ማስረጃ ነው፤ የስልክ ወሬ ግን ፋይል ውስጥ ላይገባ ይችላል።

እየደወሉ ስለ እንክብካቤው የሚጠይቁን እነማን ናቸው? በአማርኛ መመለስ ይቻላል?

ስቴቶች የተገልጋዩን ድምፅ የሚሰሙት በመጠይቅ ነው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ኤንሲአይ ኤዲ፣ ለአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ኤንሲአይ አይዲዲ፣ ሌሎች ደግሞ ካፕስ የሚባለውን የቤት ውስጥ እንክብካቤ መጠይቅ ይጠቀማሉ። ተንከባካቢው በሰዓቱ ይመጣል ወይ፣ በአክብሮት ያነጋግርዎታል ወይ፣ የሚመታዎት ወይም ገንዘብ የሚወስድብዎት አለ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ።

አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ መብት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ያገለግላል። ልጅ ወይም ተንከባካቢ ቢያስተረጉም ግን መልሱ ይበላሻል፤ እናቶቻችን በልጅ ፊት «ምንም አልጎደለብኝም፣ እግዜር ይስጣቸው» ይላሉ፤ ተንከባካቢዋ አጠገባቸው ቆማ ሳለም ስለ እሷ አይናገሩም። ጠያቂው ሲመጣ ተንከባካቢው ሌላ ክፍል ይሁን ወይም ይውጣ። በምስጋና የተሞላ መልስ ሰዓት ለጎደለባቸው ሌሎች አረጋውያንም አይበጅም፤ ችግር የሌለ ያስመስላል።

ቅሬታና ይግባኝ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ አንዱን ለሌላው መጠቀም ጊዜ ያስመልጣል። ቅሬታ ማለት ዕቅዱ ሲወጣ አልሰሙኝም፣ የሚንከባከበኝን ሰው የመምረጥ ዕድል አልሰጡኝም፣ ኤጀንሲው እንደ ዕቅዱ አልሠራም ማለት ነው። በአዲሱ ደንብ በማንኛውም ጊዜ፣ በቃልም በጽሑፍም ይቀርባል፤ ስቴቱ በ90 ቀን ውስጥ መፍታት አለበት፤ ስለ ቅሬታዎ መበቀል ክልክል ነው።

ሰዓት ከተቀነሰ ወይም አገልግሎቱ ከተቋረጠ ግን ጉዳዩ ይግባኝ ነው። ስቴቱ ከእርምጃው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ላይ ካለው የመፈጸሚያ ቀን በፊት ይግባኝ ከጠየቁ አገልግሎቱ ውሳኔ እስኪሰጥ በነበረበት ሊቀጥል ይችላል፤ ከቀኑ ካለፈ ይግባኙ ቢኖርም ሰዓቱ ይቆረጣል። ደብዳቤ በፖስታ ሲመጣ ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ መክረሙ በየቤቱ ብዙ ሰዓት አሳጥቷል።

የ80 በመቶው ደንብ ደሞዜን ከፍ ያደርገዋል?

በቀጥታ እንዲህ አይሰላም። ደንቡ የሚለው ኤጀንሲው ለቤት ውስጥ ሥራ እርዳታ፣ ለሆም ኸልዝ ኤይድና ለግል እንክብካቤ ከሜዲኬድ ከሚቀበለው ገንዘብ ቢያንስ 80 በመቶው ለቀጥታ ሠራተኞች ካሳ ይዋል ነው። ካሳ ሲባል ደሞዝ ብቻ አይደለም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የዕረፍት ክፍያ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የጡረታ መዋጮና አሠሪው የሚከፍለው የደሞዝ ታክስ ይገባሉ። አገልግሎቱን የሚሰጡትን በሕክምና ሙያዋ የምትቆጣጠር ነርስም እንደ ቀጥታ ሠራተኛ ትቆጠራለች፤ የቢሮ ኪራይ፣ የቢል ሠራተኛና የባለቤቱ ትርፍ ግን ከቀሪው 20 በመቶ ይወጣሉ።

ስሌቱ በዓመቱ ጠቅላላ ላይ ነው። ኤጀንሲው 1,000,000 ዶላር ተቀብሎ ለሥልጠና፣ ለሠራተኛ ጉዞና ለጓንትና ማስክ 40,000 ቢያወጣ፣ ያ መጀመሪያ ይቀነሳል። ከቀረው 960,000 ላይ 80 በመቶው 768,000 ዶላር ነው። ለትንንሽ ኤጀንሲዎች የተለየ ወሰን፣ ከባድ ችግር ላለባቸው ደግሞ ከወሰኑ ነጻ የሚሆኑበትን መንገድ ስቴቱ ሊያወጣ ይችላል። ተገልጋዩ ራሱ የሠራተኛውን ክፍያ የሚወስንበት አሠራርን ይህ ወሰን አይመለከትም። ከአሁኑ መደረግ ያለበት ሥልጠናን፣ ጉዞንና መከላከያ ዕቃን ለየብቻ በሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው፤ ተደባልቆ የተጻፈን ወጪ ከዓመታት በኋላ መለየት አይቻልም።

ኦዲት ሲመጣ ኤጀንሲዬ የጎደሉ ማስታወሻዎችን በድሮ ቀን እንድፈርም ጠየቀኝ፤ ምን ላድርግ?

አይፈርሙ። የጎደለ ማስታወሻ ገንዘብ ያስመልሳል፤ በድሮ ቀን የተፈረመ ማስታወሻ ግን የወንጀል ማስረጃ ነው። መርማሪዎች የኢቪቪውን ሰዓት፣ ፋይሉ ኮምፒዩተር ላይ የተፈጠረበትን ቀንና የባንክ ክፍያውን አስተያይተው ያገኙታል። የፌደራሉ የሐሰት ቢል ሕግ መንግሥት የደረሰበትን ጉዳት ሦስት እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል፤ ጉዳዩም እስከ 10 ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል።

በሐቅ ሠርተው ሳይጽፉ የቀሩ ከሆነ ሕጋዊ መንገድ አለ። ዛሬ ባለው ቀን «ዘግይቶ የተጻፈ» ተብሎ ርዕስ ይሰጠዋል፤ የሠሩበት ቀን፣ የሚያስታውሱት ሥራና የዘገየበት ምክንያት ይጻፋል፤ በዛሬው ቀን ይፈረማል። የማያስታውሱትን አይጨምሩ። ኤጀንሲው ያን ሰዓት ቀድሞ ቢል አድርጎ ማስረጃ ከሌለው፣ ራሱ ለስቴቱ አሳውቆ ገንዘቡን መመለስ አለበት፤ ትርፍ ክፍያ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚመለስበት የፌደራል የጊዜ ገደብ 60 ቀን ነው። የጠየቁዎትን መልእክት በቴክስት ከሆነ አያጥፉት፤ የተገልጋዩን የጤና መረጃ የያዘ ወረቀት ግን ፎቶ አንስተው ለወዳጅ አይላኩ። ለስቴቱ የሜዲኬድ ማጭበርበር መቆጣጠሪያ ክፍል ስም ሳይሰጡም መደወል ይቻላል።